ከሲሲው በፊት፦ ለቱርቦ መኪና ኢንጀክተር ስለመምረጥ

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት መኪና ለሚወዱ ወጣቶቻችን ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ይሄን ፒስተን ተቀባበሉት። ጠርዙ ላይ የተቦደሰ ቦታ አለ፤ በጣታችሁ ዳብሱት። ከራሴ መኪና የወጣ ነው። መኪናው የ2003 ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽን 8 ነው። ኢቮ ወደ አሜሪካ በይፋ መግባት የጀመረው በዚያ ሞዴል ነው። ሞተሩ ፎር ጂ 63 የሚባለው ባለ 2.0 ሊትር ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ 271 የፈረስ ጉልበት ነበረው።

እኔ 400 ማድረስ ፈለግሁ። ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ ትልቅ ቱርቦ አሰርኩ። ለሞተሩ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ላይ ስደርስ ገንዘብ አጠረኝና በርካሽ ያገኘሁትን ገዛሁ። ሳጥኑ ላይ «1000 ሲሲ» ይላል። ከዚያ ሌላ ምንም የለም። የሙከራ ወረቀት የለውም። አራቱ እኩል ይረጫሉ ወይ የሚል ጥያቄም አልጠየቅሁም።

መኪናውን ዳይኖ ላይ፣ ጉልበት የሚለካው ማሽን ላይ፣ አውጥተን የሞተሩን ኮምፒውተር አስተካከልን። የጭስ መለኪያው 11.5 ይላል። ለ1 ኪሎ ቤንዚን 11.5 ኪሎ አየር ማለት ነው። ለቱርቦ መኪና በሙሉ ጋዝ፣ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ፣ የሚያምር ቁጥር ነው። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሦስተኛው ሲሊንደር ኮምፕሬሽን፣ አየሩን የመጭመቅ አቅም፣ አጣ። ሞተሩ ሲፈታ ያያችሁት ነገር ተገኘ።

ኢንጀክተሮቹን በመሞከሪያ ማሽን አስለካናቸው። ሦስቱ ይቀራረባሉ። ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ የነበረው ግን ከሌሎቹ 12 በመቶ ያነሰ ነው የሚረጨው። መለኪያው ታዲያ እንዴት አልነገረኝም? ምክንያቱም መለኪያው የሚቀመጠው የአራቱም ሲሊንደር ጭስ ከተቀላቀለ በኋላ ነው። የሚያሳየው አማካዩን ነው። ሦስቱ 11.2 አካባቢ እየሠሩ ነበር። አንዱ ብቻውን 12.7 ላይ ነበር። ሲቀላቀል 11.5 ይሆናል። ቤንዚን ያነሰው ሲሊንደር ይግላል። ካንዴላው ከለኮሰው በኋላ የቀረው ቅልቅል ጊዜውን ሳይጠብቅ ይፈነዳል። እኛ ኖክ የምንለው እሱ ነው። ፒስተኑን እንደ መዶሻ ይመታዋል።

ዛሬ እዚህ የቆምኩት ለዚህ ነው። እናንተ ጋራዥ ስትመጡ መጀመሪያ የምትጠይቁኝ «ጋሼ፣ ስንት ሲሲ ላስገባ?» ብላችሁ ነው። እኔ ደግሞ ከሲሲው በፊት ሌሎች ጥያቄዎችን እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ። ያኔ ማንም አልነገረኝምና።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። አገር ቤት ያደገ ሰው ሲሲ ሲባል የሞተሩ መጠን ነው የሚመጣለት። «1300 ሲሲ ቶዮታ» እንደምንለው። እዚህ ግን ሲሲ የምንለው ኢንጀክተሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ቢቆይ በአንድ ደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር ነዳጅ ያወጣል ነው። የኢቮ 8 የፋብሪካ ኢንጀክተር 560 ነው። በአንድ ደቂቃ ከግማሽ ሊትር ትንሽ ይበልጣል።

ኢንጀክተር ቧንቧ ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚሠራ በር ነው። ኮምፒውተሩ «ክፈት» ይለዋል፣ ይከፍታል። «ዝጋ» ይለዋል፣ ይዘጋል። የነዳጁን መጠን የሚወስነው በሩ ለስንት ሚሊ ሰከንድ እንደተከፈተ ነው። አንድ ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። የዛሬው ንግግር በሙሉ የሚዞረው በዚህች ጊዜ ላይ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። ስልካችሁን አውጡ።

ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር በሙሉ ጋዝ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በደቂቃ 6.3 ሲሲ ገደማ ቤንዚን ይፈልጋል። ትንሽ ቆጣቢ የሆነ አለ፣ ትንሽ አባካኝም አለ። ለዕቅድ ግን ይህ ጥሩ ቁጥር ነው። ለ400 የፈረስ ጉልበት 2,520 ሲሲ ይመጣል። በአራት ሲሊንደር አካፍሉት፣ 630።

«እንግዲያው 630 ገዝቼ ልገላገል» እንዳትሉ። 630 የሚበቃው በሩ ለአንዲት ቅጽበት እንኳን ሳይዘጋ ከቆየ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 7,000 ዙር ሲዞር አንድ ሙሉ ዑደት፣ ማለትም ሁለት ዙር፣ የሚፈጀው 17 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ኢንጀክተሩ መክፈትም መዝጋትም አለበት። ጊዜው ካለቀበት ኮምፒውተሩ «ጨምር» ቢለው የሚጨምረው የለውም። ቱርቦው ግን አየር መግፋቱን አያቆምም። አየሩ እየበዛ ነዳጁ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ከጊዜው 80 በመቶውን ብቻ እንጠቀማለን። 630ን ለ0.8 ስናካፍል 787 ይሰጠናል። ገበያ ላይ ያለው 800 ይሆናል ማለት ነው።

ጉልበቱ የሞተሩ እንጂ የጎማው እንዳልሆነ አስታውሱ። ዳይኖ ላይ የምታዩት ጎማው ጋ የደረሰውን ነው። ኢቮ አራቱንም ጎማ ስለሚያዞር ከሞተሩ እስከ ጎማው ድረስ የሚጠፋው ጉልበት ብዙ ነው። «ጎማዬ ላይ 400 እፈልጋለሁ» የሚል ሰው ሒሳቡን በ470 ወይም ከዚያ በላይ ይሥራ።

አሁን አንዱ እጁን አወጣ። «ታዲያ ለምን ትልቁን ገዝተን አንገላገልም? 2000 ሲሲም አለ እኮ» አለኝ። በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ሚኒሞ ላይ እንሂድ። መኪናው ቆሞ፣ መብራት ላይ፣ በደቂቃ 800 ዙር። ባለ 2.0 ሊትር ሞተር በዚያ ሁኔታ በሰዓት አንድ ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን ይጠጣል። አራት ሲሊንደር አለ። እያንዳንዱ በደቂቃ 400 ጊዜ ይረጫል። ብታካፍሉት ለአንድ ጊዜ የሚረጨው ከአንድ ሚሊ ሊትር አንድ መቶኛ ገደማ ነው። ጤዛ እንኳን አይባልም። የፋብሪካው 560 ይህችን ለማውጣት 1 ሚሊ ሰከንድ ይበቃዋል። 2000 ግን በ0.3 ሚሊ ሰከንድ ያወጣታል።

ችግሩ በሩ ራሱ ለመከፈት ጊዜ መፈለጉ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ከላከ በኋላ በሩ በትክክል እስኪከፈት ብዙ ጊዜ አንድ ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይወስዳል። ይህን ላተንሲ ይሉታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚወጣ ነዳጅ የለም። በሩ ገና ሊከፈት ሲል እንዲዘጋ ሲታዘዝ አንዴ ትንሽ ይረጫል፣ አንዴ ብዙ ይረጫል። ስለዚህ መኪናው ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚን ይሸታል፣ ጠዋት አልነሳ ይላል። ጋዝ በትንሹ ስትነኩት ይንዘፈዘፋል። ካንዴላው ይጠቁራል። ትርፍ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ዘይቱን ያቀጥነዋል። መኪናውን ከመቶ ሰዓት ዘጠና አምስቱን የምትነዱት በቀስታ ነው። ለአምስቱ ሰዓት ብላችሁ ዘጠና አምስቱን አታበላሹ።

ደስ የሚለው ነገር የዛሬ ኢንጀክተሮች ከድሮዎቹ ብዙ ተሻሽለዋል። ቦሽ ኢቪ 14 በሚባለው ቤተሰብ ላይ የተሠሩ 1000 ሲሲ አካባቢ የሆኑ አሉ። ሚኒሞ ላይ እንደ ፋብሪካው ጸጥ ብለው ይሠራሉ። የድሮ 1000 ሲሲ ግን ሚኒሞ ላይ ቁጣ ነበር። ሁለቱም ሳጥን ላይ የሚጻፈው «1000» ነው! ለዚህ ነው ሲሲው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም የምለው።

ታዲያ ምን ይነግረናል? ወረቀቱ። ጥሩ ሻጭ ከኢንጀክተሩ ጋር መረጃ ይሰጣችኋል። በስንት ባር ግፊት እንደተለካ፣ አራቱ እርስ በርስ በስንት በመቶ እንደሚለያዩ፣ ላተንሲው በእያንዳንዱ የባትሪ ቮልት ስንት እንደሆነ። በተለይ የመጨረሻው ወሳኝ ነው። ባትሪው ሲደክም በሩ ለመከፈት ይዘገያል። ማታ መብራቱ፣ ማሞቂያው፣ ሙዚቃው ሁሉ ሲበራ ቮልቱ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ይህን የሚያካክሰው የላተንሲ ሠንጠረዥ ካለው ብቻ ነው። ኢቮ ላይ ኢሲዩፍላሽ በሚባለው ፕሮግራም ሠንጠረዡን ከፍታችሁ በእጃችሁ ቁጥሩን ታስገባላችሁ። ቁጥሩ ከሌላችሁ በግምት ትሞላላችሁ። እኔ በግምት ነበር የሞላሁት።

ወረቀት የሌለው ኢንጀክተር በነጻ ቢሰጧችሁ እንኳን ማሽን ላይ ሳታስለኩት አትግጠሙት። የታወቁ ብራንዶችን አስመስሎ የተሠራም ሞልቷል። ሳጥኑ፣ ቀለሙ፣ ጽሑፉ አንድ ዓይነት ነው። ዋጋው የእውነተኛው ሩብ ከሆነ እውነተኛው አይደለም። ከአምራቹ ወይም አምራቹ ራሱ ከሚያውቀው ሻጭ ግዙ።

ወደ ኤሌክትሪኩ ልለፍ። ይሄ ኮምፒውተር የሚያቃጥል ነገር ስለሆነ ጆሮ ስጡኝ። ኢንጀክተሮች በኤሌክትሪክ ተቃውሟቸው፣ በኦም ማለት ነው፣ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው 12 ኦም አካባቢ የሆነ ነው። ሁለተኛው ከ2 እስከ 5 ኦም ያለው ነው። በ14 ቮልት 12 ኦሙ ከ1 አምፔር ትንሽ በላይ ይስባል። 3 ኦሙ ግን 5 አምፔር ሊጠጋ ይችላል። ለ12 ኦም የተሠራ ኮምፒውተር ላይ 3 ኦም ብታስሩ ውስጡ ያለውን ትራንዚስተር ታቃጥሉታላችሁ። የኢቮ 8 የፋብሪካ ኢንጀክተሮች ዝቅተኛ ኦም ያላቸው ናቸው። ስለዚህ ፋብሪካው መሐል ላይ ኤሌክትሪኩን የሚቀንስ የሬዚስተር ሳጥን አድርጎባቸዋል። ዛሬ የምትገዙት ዘመናዊ ኢንጀክተር በአብዛኛው ከፍተኛ ኦም ነው። እሱን ስታስገቡ የሬዚስተር ሳጥኑን ማለፍ አለባችሁ። ካላለፋችሁት በሩ ደክሞ ነው የሚከፈተው፤ ላተንሲውም ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አይገናኝም። ኦም የሚለካው መልቲሜትር የሌላችሁ ዛሬውኑ ግዙ። ከመግጠማችሁ በፊት አራቱንም ለኩ።

ሶኬቱና ቁመቱ ቀላል ነው። ለሞዴላችሁ የተዘጋጀ ስብስብ ስትገዙ አብሮ ይመጣል። የሚረጭበትን ቅርጽ ግን ጠይቁ። ፎር ጂ 63 ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት የአየር ማስገቢያ ቫልቭ አለው። ጥሩው ኢንጀክተር ለሁለት ከፍሎ በሁለቱም ቫልቮች ጀርባ ላይ ይረጫል። በአንድ ወፍራም መስመር የሚረጨው መሐል ያለውን ግድግዳ ነው የሚያረጥበው።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ጋ ደረስን። የነዳጅ ፓምፑ!

ኢንጀክተር የሚሰጠው ፓምፑ ያመጣለትን ነው። አብዛኛው ኢንጀክተር የሚለካው በ3 ባር ግፊት ነው። ግፊቱን ከፍ ብታደርጉ ብዙ ያወጣል፣ ግን በእኩል አይደለም። ከ3 ወደ 4 ባር ስትወጡ ግፊቱ በ33 በመቶ ሲያድግ ነዳጁ የሚያድገው በ15 በመቶ ብቻ ነው። 560 የነበረው 647 ገደማ ይሆናል። አንዳንዴ ይሄ ብቻውን ይበቃል። ጉልበት በትንሹ ብቻ ለጨመረ ሰው ኢንጀክተር ሳይቀይር በግፊት መፍታት ይቻላል። ለ400 ግን አይበቃም።

ደግሞ አስቡት። ቱርቦው የአየር ማስገቢያውን በ1.5 ባር ሲሞላው ያ ግፊት ኢንጀክተሩን ከፊት ለፊት ይገፋዋል። ልዩነቱ 3 ባር ሆኖ እንዲቆይ የግፊት መቆጣጠሪያው የነዳጁን መስመር ወደ 4.5 ያወጣዋል። ፓምፑ ደግሞ ግፊት ሲበዛበት የሚሰጠው መጠን ይቀንሳል። «በሰዓት 255 ሊትር» ተብሎ የተሸጠ ፓምፕ በ4.5 ባር 255 አይሰጥም። ወደ ፓምፑ የሚሄደው ሽቦ ቀጭንና አሮጌ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። የእኛ የ400 ሞተር በሰዓት 151 ሊትር ይፈልጋል። ፓምፕ ስትገዙ በ4.5 ባር፣ በ13.5 ቮልት ስንት ይሰጣል ብላችሁ ጠይቁ። የነዳጅ ግፊት መለኪያ አስሩ። ኢንጀክተር ቀይሮ ፓምፑን የረሳ ሰው ሞተሩን ሲያወርድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ኢ85፣ ኢታኖል የበዛበትን ነዳጅ፣ የምትሞሉ እጃችሁን አውጡ። አምስት፣ ስድስት። እሺ። ኢታኖል ኖክን ይከላከላል፣ ሞተሩንም ያቀዘቅዛል። እኔም እወደዋለሁ። ግን በመጠን 35 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ነዳጅ ይፈልጋል። የ787ቱ ሒሳብ 1,060 አካባቢ ይሆናል። ፓምፑም ከ200 ሊትር በላይ ይጠየቃል። ሌላም አለ። እዚህ አሜሪካ «ኢ85» ተብሎ የሚሸጠው ነዳጅ እንደ ወቅቱና እንደ ቦታው ከ51 እስከ 83 በመቶ ኢታኖል ነው የሚይዘው። በክረምት የሚሞላው ከበጋው ይለያል። ስለዚህ የኢታኖሉን መጠን የሚለካ ሴንሰር አስሩና ኮምፒውተሩ ራሱ ይወስን። ቤንዚንም ኢ85ም ለሚሞላ ሰው ጥሩ ወረቀት ያለው 1000 ወይም 1100 ዘመናዊ ኢንጀክተር እመክራለሁ። ቤንዚን ብቻ ለሚሞላው 800 ይበቃዋል። ለጓደኛ 1300 ገዛሁ ብሎ መናገር ደስ ሊል ይችላል፤ ሞተራችሁ ግን አይፈልገውም።

ከኋላ የተቀመጠችው እህታችን ጥሩ ነገር ጠየቀችኝ። ወንድሟ አዲስ አበባ የቱርቦ መኪና አለው። «እዚህ የሠራነው ሒሳብ እዚያ ይሠራል ወይ?» አለች። ይሠራል። ግን አንድ ወጥመድ አለ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚያ ያለው የአየር ግፊት 0.76 ባር ብቻ ነው። ባሕር ጠለል ላይ 1.01 ነው። የቱርቦ መለኪያው «1 ባር» ሲል በአካባቢው ካለው አየር በላይ ማለቱ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ሞተሩ የሚያገኘው በድምሩ 1.76 ነው። የቱርቦው ግፊት በስፕሪንግ ብቻ የሚወሰን መኪና ስፕሪንጉ ሳይነካ ወደ አፋር ቆላ ወይም ወደ ጅቡቲ ቢወርድ መለኪያው አሁንም «1 ባር» ይላል። ሞተሩ ውስጥ የሚገባው ግን 2.01 ሆኗል። 14 በመቶ ተጨማሪ አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ ከጊዜው 75 በመቶውን ይጠቀም የነበረ ኢንጀክተር እዚያ 86 ይደርሳል። አዲስ አበባ ላይ 85 የነበረው ደግሞ 97 ይሆንና ጊዜው ያልቃል። ወንድምሽ ሸገር ውስጥ ብቻ የሚነዳ ከሆነ ችግር የለም። ቆላ የሚወርድ ከሆነ ግን ሒሳቡን በቆላው ይሥራ።

ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ ሞተሮችን ለምን አላነሳህም ያላችሁኝ አላችሁ። የፎርድ ኢኮቡስት፣ ከ2015 ወዲህ ያለው ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ እንደዚያ ናቸው። እነሱ ጋ ግፊቱ ከመቶ ባር በላይ ነው፣ የሚረጭበትም ጊዜ በጣም አጭር ነው። የዛሬው ሒሳብ እዚያ አይሠራም። የራሱ ቀን ያስፈልገዋል። የዛሬውን ሒሳብ ወስዳችሁ እዚያ እንዳትሞክሩት።

አሁን ወደ ኢቮው እንመለስ። ሞተሩ እንደገና ተሠርቷል፣ በዚያ በር በኩል ይታያችኋል። በዚህ ጊዜ የገዛኋቸው ኢንጀክተሮች እነዚህ ናቸው። አራቱም በአንድ ማሽን ተለክተው፣ ከ1 በመቶ በታች ነው የሚለያዩት። ወረቀታቸው ከጎናቸው አለ፤ መጥታችሁ አንብቡት። ትናንት ማታ ገጥሜያቸዋለሁ። አዳዲስ ኦሪንግ፣ ነዳጅ እንዳያፈስ የሚከለክለውን የጎማ ቀለበት፣ ነው ያደረግሁት። ሲገቡ እንዳይቀደዱ ትንሽ ንጹሕ የሞተር ዘይት ቀብቻቸዋለሁ። አንድ ኦሪንግ ከተቀደደ ቤንዚን የሚንጠባጠበው የጋለ ሞተር ላይ ነው።

ስለዚህ ሞተሩን ከማስነሳታችን በፊት አብረን አንድ ነገር እናደርጋለን። እሳት ማጥፊያው እዚህ ነው። ቁልፉን ከፍተን ፓምፑ ብቻ እንዲሠራ እናደርጋለን። ሞተሩ አይነሳም። ግፊቱ 3 ባር ሲደርስ እያንዳንዱን ኢንጀክተር ከላይም ከታችም በደረቅ ነጭ ጨርቅ እንጠርጋለን። ከዚያ አምስት ደቂቃ ጠብቀን እንደገና እንጠርጋለን። ጨርቁ ከረጠበ ዛሬ አይነሳም፣ ፈትተን እናያለን። ከደረቀ አንዳችሁ ታስነሱታላችሁ። ማን ነው ጨርቁን የሚይዝልኝ?